ለፈርኒቸር መገጣጠሚያ መስመር የትኛው ዟሪ ጠረጴዛ ይመረጥ? የአራት አማራጮች ንጽጽር

ቁም ሣጥን፣ አልጋ፣ የወጥ ቤት ካቢኔትና የቢሮ ጠረጴዛ የሚያመርት ፋብሪካ የመቁረጫና የጠርዝ መለጠፊያ ማሽኖቹን ካሻሻለ በኋላ ሥራው ተጨናንቆ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ በመገጣጠሚያው ክፍል ነው። ችፑዱ በደቂቃዎች ውስጥ ተቆርጦ፣ ጠርዙ ተለጥፎና ተበስቶ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ሠራተኞች ወለል ላይ ተንበርክከው የያዙት ቁም ሣጥን እስኪያልቅ ድረስ ግድግዳ ተደግፎ ተራውን ይጠብቃል። በመሣሪያ ሻጮች ዘንድ ለዚህ ችግር ቶሎ የሚቀርበው መፍትሔ በኮንቬየር ላይ የተገጠመ ዟሪ የሥራ ጠረጴዛ ነው፤ ይኸውም ዕቃው በሮለር ወይም በሰንሰለት ከአንድ የሥራ ጣቢያ ወደ ቀጣዩ እየተጓዘ፣ በየጣቢያው ደግሞ ገጣጣሚው ከቆመበት ሳይርቅ ዕቃውን ወደሚፈልገው ጎን እያዞረ የሚሠራበት ጠረጴዛ ነው።

በዚህ አንድ ስም የሚጠሩት መሣሪያዎች ግን በአሠራርም፣ በዋጋም፣ በሚጠይቁት ጥገናም እጅግ የተራራቁ ናቸው። ከወዲሁ አቋሜን ለመግለጽ ያህል፣ ሞዴሉን ቶሎ ቶሎ ለሚቀያይርና በቀን ከጥቂት ደርዘን የማይበልጥ ትልልቅ ዕቃ ለሚገጣጥም ፋብሪካ፣ በእጅ የሚገፋና በእጅ የሚዞር፣ ነገር ግን አስተማማኝ መቆለፊያ ያለው መስመር በሞተር ከሚነዳው የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ለሞተር ሊወጣ የታሰበው ገንዘብ ለኩሽኔታውና ለመቆለፊያው ቢውል ይበልጥ ይጠቅማል። ምክንያቱን ከዚህ በታች በስሌት አስደግፌ አቀርባለሁ።

ዕቃው መዞር ያስፈልገዋል ወይ?

ከሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ዕቃው ከፋብሪካው የሚወጣው ተገጣጥሞ ነው ወይስ ተፈትቶ የሚለው ነው። የስዊድኑ የፈርኒቸር ኩባንያ ኢኬያ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ያስፋፋው፣ በጠፍጣፋ ካርቶን ታሽጎ ለገዢው የሚሰጥ ዕቃ የመገጣጠሚያ መስመር አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የማሸጊያ መስመር ነው። በአዲስ አበባም ሊፍት በሌለው የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ባለ ሦስት በር ቁም ሣጥን ሳይፈታ አራተኛ ፎቅ ማድረስ የማይታሰብ በመሆኑ፣ ብዙ ጊዜ ዕቃው በፋብሪካ ተገጥሞ ከታየ በኋላ ይፈታና በደንበኛው ቤት እንደገና ይገጠማል። እንዲህ ላለው የሙከራ ግጥሚያ አንድ ወይም ሁለት ጥሩ ቋሚ ጠረጴዛ ይበቃል። መስመር የሚያስፈልገው ተገጣጥሞ ለሚጫን ዕቃ፣ ማለትም ለሆቴል፣ ለቢሮ፣ ለትምህርት ቤትና ለመኝታ አዳራሽ በብዛት ለሚታዘዝ ምርት ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ገጣጣሚው ዕቃውን ስንት ጊዜ እንደሚያዞረው፣ ወይም ራሱ ዕቃውን ስንት ጊዜ እንደሚዞረው ነው። ለዚህ አንድ የተለመደ ምሳሌ እንውሰድ። ወርዱ 1.5 ሜትር፣ ቁመቱ 2.1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ ሦስት በር ቁም ሣጥን ከነመደርደሪያውና ከነበሮቹ ወደ 10.7 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ችፑድ ይወስዳል። የዚህ ውፍረት ችፑድ በካሬ ሜትር 12 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ ከቀጭኑ የጀርባ ሰሌዳ ጋር ሲደመር ዕቃው ወደ 140 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ሣጥኑ በግንባሩ ተደፍቶ ሲገጠም ሁለቱ የጎን ሰሌዳዎች በ1.5 ሜትር ርቀት ትይዩ ይቆማሉ፤ ገጣጣሚው የአንዱን ጎን ማያያዣዎች በካቻቢቴ ካጠበቀ በኋላ ወደ ሌላው ይዞራል፣ ከዚያም የጀርባውን ሰሌዳ ዙሪያውን በሚስማር ይመታል። ዙሪያው 7.2 ሜትር ነው፤ በየ12 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ሚስማር ቢመታ 60 ሚስማር ይሆናል፣ ይህም የአየር ቱቦውን እየጎተቱ ሙሉ ዙር መሄድን ይጠይቃል። ዟሪ ጠረጴዛ ዋጋውን የሚያወጣው እንዲህ ባለው ዕቃ ላይ ነው።

ሁለት ሠራተኞች ፊት ለፊት ቆመው የሚገጥሙ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። እያንዳንዳቸው የየጎናቸውን ስለሚሠሩ ዕቃው ቢዞርም ባይዞርም የሚተርፈው ጊዜ ትንሽ ነው፤ የዟሪ ጠረጴዛ ትልቁ ጥቅም አንድ ሰው ከአንድ ጎን ሆኖ ሙሉውን ሥራ እንዲጨርስ፣ መሣሪያውም ዕቃ መደርደሪያውም በዚያው ጎን ብቻ እንዲሆን ማስቻሉ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛውን ገዝቶ በአንድ ዕቃ ላይ ሁለት ሰው መመደቡን መቀጠል ገንዘብ ማባከን ይሆናል።

በሌላ በኩል ወርዱ 60፣ ቁመቱ 72፣ ጥልቀቱ 56 ሴንቲ ሜትር የሆነ የወጥ ቤት ታችኛ ካቢኔት ከነበሩ 24 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ፣ አንድ ሰው ምንጣፍ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ በቀላሉ ሊያዞረው ይችላል። ለዚህ ዓይነቱ ምርት ገንዘብ ካለ ከዟሪ ጠረጴዛ ይልቅ የሣጥን መጭመቂያ ማሽን መግዛት ይሻላል፤ በሰሜን ምዕራብ ጀርመን በሄርፎርድና በሎህነ አካባቢ የሚገኘው የወጥ ቤት ዕቃ ኢንዱስትሪ የሚሠራውም በኮላና በእንጨት ካስማ የተያያዘውን ሣጥን በመጭመቂያ እያስተካከለ ነው። የተሸፈነ ሶፋ ደግሞ ከመዞር ይልቅ መጋደልና መገልበጥ ስለሚፈልግ ከዚህ ንጽጽር ውጭ ነው።

አራቱ አማራጮች

የመጀመሪያው በሮለር መስመር ላይ በእጅ የሚገፋ ፓሌት ነው። ፓሌቱ ከቱቦላሬ የተበየደ ጠንካራ ክፈፍ ሲሆን፣ በላዩ ላይ ዟሪው ጠረጴዛ ይቀመጣል። ሮለሮቹ ሞተር የላቸውም። በደህና ኩሽኔታ የሚዞር የብረት ሮለር የሚያሳየው ተቃውሞ ከጭነቱ ከ2 እስከ 5 በመቶ ያህል ስለሆነ፣ ዕቃውን፣ ጠረጴዛውንና ፓሌቱን ጨምሮ 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጭነት ከ5 እስከ 12 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ግፊት ይሄዳል፤ ይህ ለአንድ ሰው የሚከብድ አይደለም። የዚህ አማራጭ ትልቁ ጥቅም ጣቢያዎቹ እርስ በርስ አለመታሰራቸው ነው፦ አንዱ ዕቃ መሳቢያው አልገጥም ብሎ ቢዘገይ ሌላው አብሮት አይቆምም፣ መብራት ቢጠፋም መስመሩ አይሞትም። ጉድለቱ ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስነው ሠራተኛው ራሱ መሆኑ ነው፤ ተቆጣጣሪው ካልተከታተለ መስመሩ ቀስ በቀስ የዕቃ ማከማቻ ይሆናል። በሮለሮቹ መካከል ያለው ርቀት ምንጊዜም ቢያንስ ሦስት ሮለሮች ከፓሌቱ ሥር እንዲሆኑ ሆኖ መለካት አለበት፤ ለምሳሌ ርዝመቱ 1.2 ሜትር ለሆነ ፓሌት ርቀቱ ከ40 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ፓሌቱ በራሱ እንዲሄድ ብለው መስመሩን የሚያዘነብሉ አሉ፤ ቀላል ካርቶን ለሚያጓጉዝ መስመር ጥሩ ዘዴ ቢሆንም፣ 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጭነት በራሱ ሲንደረደር የሚያቆመው ሰው ስለማይኖር ለዚህ ሥራ አልመክረውም።

ሁለተኛው ፍጥነት አብዢ በሆነ ሰንሰለት የሚነዳ መስመር ሲሆን፣ ከቻይና በሚመጡ የመገጣጠሚያ መስመሮች ላይ በብዛት የሚታየው ይህ ነው። ሰንሰለቱ ሁለት ዓይነት ዲያሜትር ያላቸው ሮለሮች አሉት፤ ትንንሾቹ በሐዲዱ ላይ ይንከባለላሉ፣ ትልልቆቹ ፓሌቱን ይሸከማሉ፣ በዚህም ምክንያት ፓሌቱ ከሰንሰለቱ 2.5 እጥፍ ይፈጥናል። በየጣቢያው ከሥር ብቅ የሚል በአየር ግፊት የሚሠራ ማቆሚያ ፓሌቱን ሲይዘው ሰንሰለቱ ከሥሩ መሄዱን ይቀጥላል፤ ሥራው ሲያልቅ ሠራተኛው ፔዳል ይረግጥና ፓሌቱ ይሄዳል። ስለዚህ እንደ መጀመሪያው ሁሉ ጣቢያዎቹ ነጻ ናቸው፤ የሚጨመረው ሞተር፣ ማቆሚያና መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ነው። ደካማ ጎኑ የሚታየው በከባድ ጭነት ነው። በቆመ ፓሌት ሥር ሰንሰለቱ ያለማቋረጥ ስለሚፈተግ፣ በተለይም ፕላስቲክ ሮለር ያለው ሰንሰለት በቁም ሣጥን ክብደት ቶሎ ያልቃል፤ ይህ ሥርዓት በይበልጥ የተለመደው በኤሌክትሮኒክስና በቤት ውስጥ መገልገያ ዕቃዎች መገጣጠሚያ ነው። ለፈርኒቸር የሚገዛ ከሆነ ባለ ብረት ሮለሩን መጠየቅና በአንድ ሜትር የሚሸከመውን ክብደት በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ጠረጴዛዎቹ ከሰንሰለቱ ጋር ተያይዘው ያለማቋረጥ የሚጓዙበት መስመር ነው። ለዓይን የሚማርከው ይህ ነው፤ ጎብኚ ሲመጣ ፋብሪካው ሁሉ አብሮ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ፍጥነቱ ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት አይደለም። በሠራተኛ ሕጉ የመደበኛው የሥራ ቀን ጣሪያ 8 ሰዓት ነው፤ ከዚህ 480 ደቂቃ ውስጥ ለዕረፍትና ለጽዳት 40 ደቂቃ ቢቀነስ 440 ይቀራል። በቀን 55 ቁም ሣጥን ለማውጣት ቢታሰብ በየ8 ደቂቃው አንድ መውጣት አለበት ማለት ነው፤ በጠረጴዛና በጠረጴዛ መካከል ያለው ርቀት 3 ሜትር ከሆነ ሰንሰለቱ በደቂቃ የሚሄደው 37 ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። አንዱን ቁም ሣጥን ለመግጠም በጠቅላላው 36 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ 36 ለ8 ተካፍሎ 4.5 ስለሚሆን አምስት ጣቢያ ያስፈልጋል፤ ሥራውም ለአምስቱ በእኩል መደልደል አለበት፣ ምክንያቱም አንዱ ጣቢያ 9 ደቂቃ የሚወስድ ከሆነ ሁሉም በ9 ደቂቃ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ሻጩ የማያነሳው፣ ገዢው ግን ሊያነሳው የሚገባ ሌላ ስሌት አለ። 55 ቁም ሣጥን በ10.7 ካሬ ሜትር ሲባዛ በቀን 590 ካሬ ሜትር ገደማ ችፑድ ይሆናል፤ ቁራጭና ብክነት ሳይቆጠር፣ 1.22 በ2.44 ሜትር ከሆነው ሰሌዳ ወደ 200 የሚጠጋ በየቀኑ መቆረጥ አለበት። ችፑዱን ወይም የበር ማጠፊያውን በውጭ ምንዛሪ የሚያስመጣ ፋብሪካ ይህን ያህል ጥሬ ዕቃ ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ካላገኘ፣ ያለማቋረጥ የሚሄደው ሰንሰለት አብዛኛውን ቀን ባዶ ጠረጴዛ ሲያዞር ይውላል። የአንድ ጣቢያ ችግር ሁሉንም ያቆማል፤ የአንድ ማጠፊያ እጥረትም እንዲሁ። ከዚህም ሌላ ሰንሰለቱ ከሥር ተገልብጦ የሚመለስ ከሆነ ዟሪዎቹ ጠረጴዛዎች አብረው ስለሚገለበጡ ልዩ መገልበጫና ሰፊ ጉድጓድ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ይህ ዓይነቱ መስመር ሲመረጥ በወለሉ ላይ ክብ ሠርቶ የሚዞረውን መምረጥ የግድ ነው ለማለት ይቻላል።

አራተኛው አማራጭ ብዙ ጊዜ ይረሳል፣ ግን አይናቅም። በእያንዳንዱ ፓሌት ላይ ዟሪ ጠረጴዛ ከመትከል ይልቅ የሮለር መስመሩ አንድ ወይም ሁለት ክፍል ራሱ እንዲዞር ማድረግ ነው። ዕቃው በተራ ሰሌዳ ላይ ተቀምጦ ይመጣል፣ በሚዞረው ክፍል ላይ ሲደርስ ከነሮለሮቹ 90 ወይም 180 ዲግሪ ይዞራል፣ ከዚያም ይቀጥላል። ሥራው በቅደም ተከተል የሚታወቅ ከሆነ፣ ማለትም የቀኙ ጎን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጣቢያዎች፣ የግራው ከመዞሪያው በኋላ የሚሠራ ከሆነ፣ አምስት ዟሪ ጠረጴዛ የሚሠራውን አንድ መዞሪያ ሊሠራው ይችላል። ለተመሳሳይ ትእዛዝ፣ ለምሳሌ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍሎች አንድ ዓይነት ሎከር በብዛት ለሚሠራ ፋብሪካ፣ በዋጋም በጥገናም የሚወዳደረው የለም። ሞዴሉ ሲለዋወጥ ግን መዞሪያው የተተከለበት ቦታ ከሥራው ቅደም ተከተል ጋር አልገጥም ይላል።

የዙሩ ክብና የወለሉ ስፋት

ጠረጴዛው ሲዞር የሚጠርገው ክብ የሚለካው በዕቃው ርዝመት ሳይሆን በአግድመቱ፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ነው። 2.1 በ1.5 ሜትር የሆነው ቁም ሣጥን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 2.58 ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ የጎረቤቱን ዕቃ ጥግ እንዳይመታ፣ የመጠባበቂያ ክፍተት ተጨምሮበት የሁለት ጠረጴዛዎች ማዕከላት ርቀት 3 ሜትር ያህል ቢሆን ይሻላል፤ በላሚኔት ላይ የሚቀር ጭረት ደግሞ አይጠገንም። ዕቃው ሳይዞር ቢጓዝ 2.3 ሜትር ይበቃ ነበር። በአምስት ጣቢያ ላይ ልዩነቱ 3 ሜትር ተኩል ነው። ጠባብ አዳራሽ ያለው አምራች ሁሉም ጣቢያ እንዲዞር ከማድረግ ይልቅ በሁለቱ ወይም በሦስቱ ብቻ ሰፊ ርቀት ሰጥቶ፣ በመካከላቸው ፓሌቶቹን አጠጋግቶ ማቆየት ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ፓሌቶቹ ነጻ በሆኑበት በመጀመሪያውና በሁለተኛው አማራጭ ብቻ ነው። ባዶው ፓሌት ወደ መነሻው የሚመለስበት መንገድም ከመጀመሪያው ይታሰብ። ሠራተኞች ባዶ ፓሌት ተሸክመው ሲመልሱ የሚታይ ከሆነ መስመሩ በግማሽ ተሠርቷል ማለት ነው፤ ጎን ለጎን የሚሄድ መመለሻ ሮለርና በሁለቱ ጫፎች ላይ ማሻገሪያ ጋሪ ያስፈልጋል።

ኩሽኔታውና መቆለፊያው

አንድን ዟሪ ጠረጴዛ ጥሩ ወይም መጥፎ የሚያደርገው በመሐሉ ያለው ኩሽኔታ ነው። ካታሎግ ላይ የሚጻፈው የመሸከም አቅም ክብደቱ ልክ በማዕከሉ ላይ ሲያርፍ ያለው ነው፤ ገጣጣሚ ግን የሚጫነው ጠርዝ ላይ ነው። የጠረጴዛው ላይኛ ክፍል 40 ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ ከማዕከሉ 30 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ባለው የኳስ ቀለበት ላይ እንዲሁ ቢቀመጥና ሠራተኛው ከማዕከሉ በ1 ሜትር ርቀት ላይ ቢጫነው፣ 17 ኪሎ ግራም ገደማ ግፊት ብቻ ሌላኛውን ጎን ብድግ ያደርገዋል። አንድ ሰው ክርኑን ሲያሳርፍ ከዚህ የበለጠ ይጫናል። ለቤት ውስጥ ዕቃ ማቅረቢያ የሚሠራው ቀጭን የላሜራ መዞሪያ ለዚህ ሥራ የማይሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

አስተማማኝ መፍትሔው ሦስት ዓይነት ነው። በፋብሪካ የተሠራ የመዞሪያ ቀለበት ሦስቱንም ዓይነት ጭነት፣ ወደ ታች የሚጫነውንም፣ ወደ ጎን የሚገፋውንም፣ የሚያጋድለውንም ይችላል፤ ውድ ነው፣ የሚተካውም ከውጭ ነው። ሁለተኛው የከባድ መኪና የጎማ ቋት ከነሾጣጣ ኩሽኔታዎቹ ወደ ላይ አቁሞ መበየድ ነው፤ ይህ ቋት ትልቅ ጭነት በየጎኑ እንዲችል ስለተሠራ ለጠረጴዛ ከበቂ በላይ ነው፣ መለዋወጫውም በየመኪና ዕቃ መደብሩ ይገኛል። በአገር ውስጥ ለሚሠራ ጠረጴዛ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ሦስተኛው መሐሉን በፒን ይዞ ጠርዙን በትንንሽ ጎማዎች መደገፍ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግን የጎማዎቹ መሄጃ ሐዲድ የችፑድ ብናኝና የወደቀ ቪቴ ሲገባበት ይንገጫገጫል። ለሮለሮቹም ቢሆን በጎማ የተሸፈነ ኩሽኔታ መምረጥ ያስፈልጋል፤ 6204 የሚባለው፣ ውስጡ 20 ውጩ 47 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ በየሞተሩ ውስጥ ስለሚገኝ ለመተካት አያስቸግርም።

መቆለፊያው ከኩሽኔታው ያነሰ ትኩረት ይሰጠዋል፣ ይሁንና የዕቃውን ጥራት የሚነካው እሱ ነው። ጠረጴዛው በየ90 ዲግሪው የሚይዘው በስፕሪንግ የሚወረወር ፒን ቢኖረውና ፒኑ ከማዕከሉ በ30 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢተከል፣ በቀዳዳው ውስጥ ያለችው የ1 ሚሊ ሜትር ልቅነት በዕቃው ጥግ ላይ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ሆና ትታያለች። ገጣጣሚው በትራፓኖ ሲገፋ ዕቃው ይወዛወዛል፣ ቪቴው ጠምሞ ይገባል። ፒኑ ከማዕከሉ በተቻለ መጠን ርቆ፣ ወደ ጠርዙ ቀርቦ መተከል አለበት፤ ቀዳዳውም በጠንካራ ብረት ቡሽ፣ ማለትም ውስጡ በሚገባ የብረት ቀለበት፣ መደገፍ አለበት እንጂ በላሜራ ላይ ብቻ ከተበሳ በጥቂት ወራት ይሰፋል። የፓሌቱ መቆለፊያና የጠረጴዛው መቆለፊያ ቅደም ተከተል እንዲኖራቸው፣ ማለትም ፓሌቱ ሳይያዝ ጠረጴዛው እንዳይለቀቅ ሆኖ ቢሠራ ደግሞ ብዙ አደጋ ይቀንሳል። 140 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ አንዴ መዞር ከጀመረ በእጅ ማቆም ስለሚያስቸግር፣ ዙሩን ቀስ የሚያደርግ የጎማ ወይም የቆዳ ፍሬን መጨመር ጠቃሚ ነው።

በሞተር ይዙር ወይስ በእጅ?

አንድ ሩብ ዙር ሲዞር የዚያ ቁም ሣጥን ጥግ 2 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሞተሩ ይህን በ4 ሴኮንድ ቢጨርስ በመተላለፊያው ለሚያልፍ ሰው አደጋ ነው፤ በ10 ሴኮንድ ቢጨርስ ደግሞ ገጣጣሚው በእጁ ይቀድመው ነበር። የሞተር ዙር የሚያስፈልገው ጭነቱ ለአንድ ሰው ሲከብድ ወይም ዙሩ ያለ ሰው እጅ በራሱ እንዲፈጸም ሲታሰብ ነው። በዚያን ጊዜ የሰው መከላከያ አጥርና የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ገመድ የግድ ይሆናሉ፤ ከውጭ ለሚገዛ መስመር የአውሮፓውን የኮንቬየር ደኅንነት ደረጃ ኢኤን 619ን እና ስለ አደጋ ጊዜ ማቆሚያ የወጣውን አይኤስኦ 13850ን ማሟላቱን በውሉ ውስጥ ማስገባት ተገቢ ነው።

ብዙ የማይታሰብበት ጉዳይ ገመድና የአየር ቱቦ ነው። በሚዞር ጠረጴዛ ላይ ሶኬት ወይም የአየር ቱቦ መሰኪያ ከተገጠመ ገመዱ ከሁለት ሦስት ዙር በኋላ በምሰሶው ላይ ይጠመጠምና ይበጠሳል፤ ይህን የሚከላከለው ልዩ የመዞሪያ ማያያዣ ወይም ጠረጴዛው ወደ አንድ ወገን ከግማሽ ዙር በላይ እንዳይሄድ የሚያግድ ማቆሚያ ነው። ከሁሉ የሚቀለው ግን በጠረጴዛው ላይ ምንም አለመግጠም፣ ይልቁንም መሣሪያዎቹን ከላይ ክብደታቸውን በሚያመዛዝን ማንጠልጠያ መስቀልና ባለ ባትሪ መጠምዘዣ መጠቀም ነው። ጠረጴዛው ላይ በአየር የሚጨብጥ ማጥበቂያ የሚፈልግ ሰው፣ ዲያሜትሩ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ሲሊንደር በ6 ባር ግፊት 120 ኪሎ ግራም ያህል እንደሚጫን ማወቅ አለበት፤ ለችፑድ ሣጥን ይህ ብዙ ነው፣ ጠርዙን ሊሰብርም ይችላል።

ሞተር የሚገዛ ሰው ለኢትዮጵያው 380 ቮልትና 50 ኸርዝ የተሠራ መሆኑን ያረጋግጥ። ከሰሜን አሜሪካ የመጣና 460 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የሚል ያገለገለ መስመር በእኛ መብራት ሊሠራ ይችላል፣ ምክንያቱም ቮልቱም ድግግሞሹም በተቀራረበ መጠን ስለሚቀንሱ ነው፤ ነገር ግን ፍጥነቱም ጉልበቱም በአንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳሉ፣ መቆጣጠሪያ ሰሌዳውም ለብቻው መታየት አለበት።

የጠረጴዛው ከፍታ

ሻጮች 75 ወይም 90 ሴንቲ ሜትር የሚል ከፍታ ይሰጣሉ፤ ይህ ለሰሌዳ ሥራ ነው። ከፍታው መለካት ያለበት እጅ በሚሠራበት ነጥብ ላይ ነው። ተደፍቶ የተኛ ቁም ሣጥን በራሱ 60 ሴንቲ ሜትር ስለሚረዝም፣ የጀርባው ሰሌዳ በወገብና በክርን መካከል እንዲውል ጠረጴዛው ከወለል ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ብቻ መሆን አለበት። በሮለሩ፣ በፓሌቱና በመዞሪያው ላይ ይህን ያህል ዝቅታ ማግኘት ቀላል ስላልሆነ፣ ከመዞሪያው ሥር የሚገባው የመኪና ቋት ቁመት እንኳ መቆጠር አለበት። ትልልቅና ትንንሽ ዕቃ በአንድ መስመር ለሚገጣጥም ፋብሪካ በመቀስ ቅርጽ የሚነሣ ማንሻ ያለው ጣቢያ አንድ ብቻ መጨመር በሁሉም ፓሌት ላይ ማንሻ ከመትከል ይሻላል።

ለማን የትኛው?

በትእዛዝ የሚሠራ፣ በየሳምንቱ ሞዴሉ የሚለወጥና ከአምስት እስከ አሥር ገጣጣሚ ያለው ድርጅት የመጀመሪያውን አማራጭ ይምረጥ፤ በሦስት ፓሌት ጀምሮ ሥራውን ካየ በኋላ መጨመር ይችላል፣ ሮለሩንም በአካባቢው ባሉ ብረታ ብረት ቤቶች ማሠራት ይቻላል። አንድ ዓይነት ሎከር፣ ጠረጴዛ ወይም አልጋ በጨረታ አሸንፎ በሺዎች የሚሠራ አራተኛውን ቢወስድ ይበቃዋል። ጥሬ ዕቃው አስተማማኝ ሆኖ በፈረቃ የሚሠራ፣ የራሱ የጥገና ባለሙያና የመጠባበቂያ ጄነሬተር ያለው ፋብሪካ ሁለተኛውን ባለ ብረት ሮለር ሰንሰለት ማሰብ ይችላል። ሦስተኛውን የምመክረው የአንድ ሞዴል ምርት ለዓመታት እንደሚቀጥል በውል ለተረጋገጠለት ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ውል ያለው አምራች ደግሞ ጥቂት ነው።

የትኛውም ቢመረጥ ቀሪውን ክፍያ ከመልቀቅ በፊት ጠረጴዛው በሥራ ላይ መፈተሽ አለበት። ባዶውን ጠረጴዛ በአንዱ ጥግ ላይ 40 ኪሎ ግራም አስቀምጦ ማዞር፤ ሌላኛው ጥግ ቢነሣ ወይም ዙሩ ቢንገጫገጭ አለመቀበል። ከዚያም ቆልፎ ጥጉን ወደ ሁለቱም አቅጣጫ በእጅ እየገፉ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚወዛወዝ በመስመሪያ መለካት፤ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ፒኑ ይሻሻል። በመጨረሻ አንድ ሙሉ ቁም ሣጥን በላዩ ላይ ገጥሞ ሁለቱን አግድመቶች፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን፣ በሜትር መለካት ነው፤ የሁለቱ ልዩነት ከ2 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ በሮቹ ሳይታረሙ ይገጥማሉ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ጠረጴዛው ላይ ያሉት የማዕዘን ማስጠጊያዎች ቀጥ ያለ ማዕዘን ስለሌላቸው ሻጩ እንዲያስተካክላቸው ይደረጋል።